ለድግሱ ሲባል ክርስትና ይዘገያል? 80 ቀኗ ሁዳዴ ላይ ዋለ

የማርታ_ጓዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ልጃችን ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው የተወለደችው። 80 ቀኗ መጋቢት 24 ሐሙስ ይውላል፤ ሁዳዴ ውስጥ ማለት ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች «በጾም ምን ክርስትና አለ? በግ ሳይታረድ፣ ሰው ሳይጠራ!» ብለው ወደ ግንቦት መጨረሻ ይገፋ እያሉ ነው። አዳራሽ፣ ኬክ፣ ቪዲዮ ሁሉ ታስቧል፤ ገንዘቡ ግን እስካሁን የለም፤ ከዕቁብ ይወጣል ተብሎ ነው። ሌላው ደግሞ ክርስትና እናት እንድትሆን የታሰበችው ዘመድ ዱባይ ናት። ፈቃድ የምታገኘው ግንቦት ላይ ነው፤ ለልጅቷ የወርቅ ሐብል ከነመስቀሉ አሠርታ እንደምትመጣ ተናግራለች።

ጥያቄዬ፦ በዚህ ምክንያት ማዘግየት ይቻላል? ክርስትና እናቷ በአካል ሳትኖር በስሟ ሌላ ሰው ቆሞ ማስነሣትስ ይሆናል? ድግሱን ትተን ብናስነሣትስ ለቀኑ የግድ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ጥቅሱን እወደዋለሁ፤ ግን የሚሠራውንም ጨምራችሁ ንገሩኝ።

የቆሎ_ተማሪ፦

እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

አቆጣጠርሽ ልክ ነው። ብዙ ሰው «ሁለት ወር ከሃያ ቀን» ይልና አንድ ቀን ያሳልፋል። የተወለደችበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከጥር 26 ቀን፣ የካቲት 30፣ ከመጋቢት 24፤ ድምሩ 80። (ጳጉሜን በመሀል የምትገባባቸው ልጆች ላይ ደግሞ አምስቷን ወይም ስድስቷን ቀን መርሳት የተለመደ ነው።) መጋቢት 24 እንደሆነ በየትኛውም ዓመት ከጾም አይወጣም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፤ ሁዳዴም ከመጋቢት 5 አልፎ አይገባም። ስለዚህ በጥር መጀመሪያ ለምትወለድ ሴት ልጅ የክርስትናዋ ማዕድ የጾም ነው፤ ምንም ብልሃት የለውም።

«በጾም ክርስትና የለም» የሚለው ግን ከየት እንደመጣ እንጃ። ክርስትና የማይነሣው በሰሙነ ሕማማት ብቻ ነው። ዘንድሮ ሆሣዕና መጋቢት 27፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ከመጋቢት 28 ሰኞ ጀምሮ የክርስትና ቤቱ ይዘጋል። የቀሯችሁ ቀኖች እንግዲህ አራት ናቸው፦ ሐሙስ 24፣ ዓርብ 25፣ ቅዳሜ 26፣ እሑድ 27። ከ80 በፊት አይሆንም፤ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ሲመጣ ብቻ ነው ቀን የማይጠበቀው። ሁለት ቀን ማለፉ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ሥራ ይኖራል፣ ካህን ይታጣል። ሁለት ወር መግፋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምን ሌላ ነገር እንደሆነ ልንገርሽ። በዚያ አንድ ቀን ልጅቷ ከሰባቱ ምሥጢራት ሦስቱን ትቀበላለች፦ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን። ሁለቱ እስከ ዕለተ ሞቷ አይደገሙም። ግብዣው በዓመቷ ይደገማል፤ ፎቶም በሌላ ቀን ይነሣል። የሚደገመውን አስቀድሞ የማይደገመውን ማስጠበቅ የዔሳው ሒሳብ ነው። እሱም ብኩርናውን አልጠላትም፤ የምስር ወጡ ቀድሞ ሸተተው እንጂ። (የጾም ወጥ መሆኑን ልብ በይልኝ።)

የበጉን ነገር ካነሡ ደግሞ 40ና 80 ወደተጻፈበት ቦታ ውሰጃቸው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም ወደ ገነት የገባው በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ነው ይላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወንድ ልጅ እናት 7ና 33፣ ለሴት ልጅ እናት 14ና 66 ቀን ይቆጥራል። እዚያው ምዕራፍ ላይ በግ አለ፤ እናቲቱ ቀኗ ሲፈጸም የአንድ ዓመት ጠቦት ታመጣለች። ቁጥር 8 ላይ ግን «እጇ ካልደረሰ» ሁለት ወፎች ይበቃሉ ይላል። ሉቃስ 2፥24ን አንብቢላቸው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ ስትወጣ የተጠቀሰው ያ የድሃ መሥዋዕት ነው፤ ጠቦት አልተጻፈም። አማትሽ የማርያም ወዳጅ ከሆኑ ይህ ይበቃቸዋል። በግ የቀረበት የመጀመሪያው ቤት የእናንተ አይደለም፤ ቀኑ ግን እዚያም አላለፈም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ባለገንዘብ አለ። ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በብር ሊገዛ መጣ፤ ጴጥሮስም «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» አለው። ሁለተኛው የእኛው ሰው ነው፤ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ በገንዘቧ ሁሉ የሠለጠነ። ድግስ ቢያምረው የሚያቅተው ሰው አልነበረም። እሱ ግን በምድረ በዳው መንገድ ላይ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሠረገላውንም አስቆመ። የናንተ ቤት ለዚህ ጥያቄ «አዳራሽ አልተያዘም» ብሎ ሊመልስ ነው።

ስለ ክርስትና እናት፦ በውክልናም፣ በቪዲዮ ጥሪም አይሆንም። ሕፃኗን ታቅፋ የምትቆመው እሷ ናት። ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ስለ ልጅቷ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖት ትመሰክራለች፤ ከጥምቀቱ በኋላ ከካህኑ እጅ የምትቀበላትም እሷው ናት። አንዷ ቆማ የሌላዋ ስም ቢጻፍ ክርስትና እናቷ የቆመችው ናት፤ በኋላ ጠብ የሚያመጣው ይኸው ነው። የዱባይዋን ዘመድ በጊዜ ደውላችሁ ንገሯት፤ ከሰው አፍ ከሰማች ትቀየማለች።

ስትመርጡ ሐብሉን ሳይሆን እነዚህን እዩ፦ ለሴት ልጅ ሴት ትሁን፤ ኦርቶዶክሳዊትና ንስሐ አባት ያላት ትሁን፤ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሏ የምትወጣ፣ ልጅቷ ስታድግ እጇን ይዛ ቅዳሴ የምታደርስ፣ በታክሲ የምትደረስበት ቦታ ያለች ትሁን። አንድ የሚረሳ ነገር፦ በክርስትና ልጅነት የተዛመዱ ቤቶች አይጋቡም። «ልጆቻችን ወደፊት ቢጋቡ» የምትሉት ቤት ካለ ክርስትና እናት ከዚያ አትምረጡ።

ሞሰብ፦

የቆሎ ተማሪ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ድግስን እንዲህ አትውቀጡት። አራስ ቤት የተመላለሰ ጎረቤት፣ ገንፎ ያገነፋ፣ ልብስ ያጠበ ሰው አለ፤ ቀኑ ሲደርስ «ኑ ቅመሱ» ማለት ወግ ነው። ችግሩ ማዕዱ አይደለም፤ ማዕዱ ቀን ቆራጭ ሲሆን ነው። በጉን ለፋሲካ አቆዩት፤ ክርስትናውን በቀኑ አድርጉት። ሁለቱን ማጣበቅ ነው ዕቁቡን የሚበላው።

የጾም ማዕድ ለ30 ሰው እቤት ውስጥ እንዲህ ይወጣል፦ እንጀራ 75፣ ምስር ክክ 2 ኪሎ፣ አተር ክክ 2 ኪሎ፣ ሽሮ 1 ኪሎ፣ ሽንኩርት 7 ኪሎ፣ ዘይት 3 ሊትር፤ ጎመን፣ ድንችና ካሮት እንደ አቅም። ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ ቡና። ሽንኩርቱን ዋዜማውን ከትፎ ማደር ይቻላል፤ ምስሩን ግን በዕለቱ ሥሩት፤ ካደረ ይወፍርና ውኃ ሲጨመርበት ጣዕሙ ይሄዳል። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ቤት የቀሩት ሴቶች ወጥ ሲሠሩ ቅዳሴ ያልፋቸዋል፤ አያት የልጅ ልጇ ስትቆርብ ሳታይ ትቀራለች። የአተር ክኩን ዋዜማውን ቀቅሉት፤ ለቤት ጠባቂ አንድ ሰው ይበቃል።

አንደኛውን ድፎ ወደ ቤት አታምጡት። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ቁረሱት። ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ምሳ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን ባለጠጎች አትጥራ፤ ድሆችን ጥራ ይላል። የክርስትና ድግስ በጥቅሉ «እኔም በልቼባቸዋለሁ» በሚል ስለሚሰላ ይህ ጥቅስ አይወደድም።

ዘሜሪላንድ፦

ውጭ አገር ለምታነቡ፦ እዚህ ብዙው ደብር ክርስትና የሚያስነሣው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ 40ው ወይም 80ው ማክሰኞ ቢውል ከዚያ በኋላ ያለው ቅዳሜ ይያዛል። የሚያዘገየው ቤተ ክርስቲያኑ አይደለም፤ አያት ከአዲስ አበባ ቪዛ አግኝታ እስክትመጣ የሚባለው ነው። ቪዛ ደግሞ የቀን ቆጠራ አያውቅም። ልጁ በእግሩ ሄዶ ክርስትና የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ውኃው ላይ ሲታገል ካህኑም ሕፃኑም ይደክማሉ። አያት ስትመጣ ልጁን አቅፋ ትቁረብ፤ ይኼኛው በየሳምንቱ ይገኛል።

የማርታ_ጓዳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የሉቃስን ክፍል ለእናቱ አነበበላቸው፤ ዝም አሉ፣ ከዚያ «ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ» አሉ። ቀኑን ግን ሐሙስ ይሁን ቅዳሜ መወሰን አልቻልንም። ለቀኑ የሚያስፈልገውንም አልነገራችሁኝም። ወርቁስ? ዘመዳችን አሁንም እልካለሁ እያለች ነው።

ጧፍ፦

ቅዳሜ 26 ይሻላችኋል፤ ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ የሚወጣው 9 ሰዓት ገደማ። ልጅቷ ደግሞ ሳትቆርብ ጡት አትጠባም። ሐሙስ ካደረጋችሁት ረጅም ቀን ነው የሚሆንባት። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው ጧት ነው። እሑድ 27ን ግን አልመክርም፤ ሆሣዕናም ነው፣ የመጋቢት መድኃኔ ዓለም በዓልም ነው፤ ግቢው ሰው ስለሚሞላ ከክርስትና ቤት ወደ መቅደሱ ሕፃን ይዞ ማለፍ ራሱ ሥራ ነው። ሐሙስን የግድ ካላችሁ ሌሊቱን ደጋግመሽ አጥቢያት፤ የመጨረሻው መቼ መሆን እንዳለበት ካህኑን አስቀድመሽ ጠይቂ። ክብደቷ ዝቅ ያለ ወይም ያለ ጊዜዋ የተወለደች ከሆነች ይህንንም ንገሪያቸው፤ ለደካማ ሕፃን አባቶች የሚሉት አላቸው።

አሁን ዝግጅቱ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ተመዝገቡ፦ የሕፃኗ ስም፣ የተወለደችበት ቀን፣ የአባትና የእናት ስም ከነክርስትና ስማቸው፣ የክርስትና እናቷ ስም። ብዙ ወላጅ እዚያ ላይ የራሱን ክርስትና ስም ይረሳል፤ ለእናታችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። የመዝገብና የምስክር ወረቀት ክፍያ ካለ እዚያው ይነገራችኋል፤ እሱ ለወረቀቱና ለአገልግሎቱ ነው፤ ምሥጢሩ ዋጋ የለውም። ለካህናቱ የምትሰጡት በፈቃዳችሁ ይሁን፤ በፖስታም ሆነ በእጅ፣ ከሥርዓቱ በፊት ሳይሆን ከቅዳሴ በኋላ።

ለዕለቱ፦ አዲስ ነጭ ልብስ ወይም ነጠላ፣ ሁለት ፎጣ (አንዱ ይረጥባል፤ ሁለተኛውን ሁሉም ይረሳዋል)፣ ደረቅ ቅያሪ ልብስና ዳይፐር፣ የራስ መሸፈኛ፣ ጧፍ፣ የማዕተብ ክር። ቁልፍ የበዛበት፣ ከኋላ የሚታሰር የድግስ ቀሚስ አታልብሷት፤ ካህኑ ሜሮን ሲቀባት ከግንባሯ እስከ እግሯ መገጣጠሚያዎቿን ሁሉ ስለሚያገኝ ልብሱ በአንድ ጊዜ የሚወልቅ ይሁን። ከዚያ በፊት በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ትጠልቃለች። የመጋቢት ጧት አዲስ አበባ ይበርዳል፤ ፎጣውን ክርስትና እናቷ ትከሻ ላይ ዘርጉት፤ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ሲፈለግ ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች።

ቪዲዮ ነሺ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ከካህኑ ጋር ይነጋገር። ክርስትና እናቷ ሃይማኖት እየመሰከረች «ወደዚህ ዙሪ፣ ፈገግ በይ» የሚል ሰው በየሳምንቱ አለ፤ ምሥራቅና ምዕራቡን የሚያቀያይረው እሱ ነው። በስልክ ሁለት ፎቶ በኋላ ግቢው ውስጥ ይበቃል።

የክርስትና ስሟን ካህኑ ሲናገር አንድ ሰው ወዲያው ይጻፈው፤ በጆሮ መያዝ አያዋጣም። ስሙ ብዙ ጊዜ ከዕለቱ በዓል ይወጣል፤ 24 ቢሆን ተክለ ሃይማኖት ነውና ወለተ ሃይማኖት ሊሏት ይችላሉ፤ የምትፈልጉት ካለም ቀድማችሁ ንገሩ። ስትቆርብ፣ ስትታመም ስትጸለይላት፣ ስታገባ፣ ስትሞትም የምትጠራው በዚህ ነው። የምስክር ወረቀቱ ላይ «ወለተ» ተብሎ ሁለተኛው ቃል ተዘልሎ እንዳይጻፍ ከበሩ ሳትወጡ አንብቡት።

ከቆረበች በኋላ ጸበል ትቀምሳለች፤ ወዲያው አታጥቢያት። ጥቂት ቆይተሽ፣ ቀና አድርገሽ ይዘሽ፣ ጥቂት በጥቂት። ቸኩለው የሚያጠቡ እናቶች ልጁ ሲያስመልስ የሚደነግጡት ለዚህ ነው። ካስመለሳት በነጭ ጨርቅ ተቀበይና ለካህኑ አሳዪ፤ ዝም ብለሽ ዳይፐር ቦርሳ ውስጥ አትጨምሪው። በዚያን ቀን ገላዋን አታጥቧት፤ ሜሮኑን የተቀባችበት ልብስና ፎጣ ሲታጠብ ውኃው እግር የማይረግጠው ቦታ፣ አትክልት ሥር ይፍሰስ። አንቺም ንስሐ አባትሽን አነጋግረሽ ተዘጋጅተሽ ከሆነ ከልጅሽ ጋር መቁረብ ትችያለሽ፤ ይህ የቀኑ ትልቁ ነገር ነው፣ ወጥ ቤት ያለችው እናት ግን አታገኘውም። የዋዜማውን ምሽት ለዚህ ተዉት፤ ሽንኩርት ለሌላ ሰው።

ወርቁን በተመለከተ ኃጢአት የለበትም፤ ስጦታ ነው፣ ተቀበሉ። ግን በማዕተቡ ቦታ አይግባ። ካህኑ አንገቷ ላይ የሚያስረው ክር ነው፤ ክር የሆነውም ሁሉም ቤት እንዲደርስ ነው። ሐብል በሕፃን አንገት ላይ ጣጣ አለው፦ ሰንሰለቱ የአንገቷ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ላብ ይይዛል፣ ያሳክካል፤ ማያያዣው ከተከፈተ ወደ አፏ ይገባል፤ ታክሲ ውስጥ ደግሞ የሌባ ዓይን ይስባል። ማዕተቡም ቢሆን ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይሁን፤ ረዝሞ ከተንጠለጠለ በእጇ ትጎትተዋለች፣ አልጋው ላይም ይጠመጠማል። በየወሩ እዩት፤ አንገቷ ይወፍራል።

ለዘመዳችሁ የምትሏት ከጠፋችሁ ሌላ ሥራ ስጧት። ክርስትና እናት ባትሆንም አክስት ናት። ግንቦት ስትመጣ ልጅቷን አቅፋ ቅዳሴ ትቁም፤ ሐብሉን የምታሠራበትን ገንዘብ ለመጻሕፍት ትለውጠው ካላችሁ ደግሞ መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ ፊደሉ ጎላ ያለ። ወርቁን እልካለሁ ካለችም ይምጣና ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

የማርታ_ጓዳ፦

ቅዳሜ 26 ሆነ፤ ዛሬ ተመዝግበናል። ክርስትና እናቷ ጎረቤታችን ናት፤ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሏ ትወጣለች። የቀረኝ አንድ ነገር፦ ማዕተቡ ሦስት ቀለም ነው ወይስ አንድ?

ጧፍ፦

ደብሩ የለመደውን አድርጉ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የሚገምዱ አሉ፤ ጥቁር ክር የሚያስሩም አሉ። ገበያ ስትሄጂ ጥጥ ፈልጊ፤ ናይሎኑ የሕፃን አንገት ይልጣል።